አንድ ቲቪ ለሁለት ጌታ፦ የሳይንስ ፊክሽን ፊልምና የኮንሰርት ቅጂ

ይህን የኢንተርኔት መወያያ ክር የከፈተው የሐዋሳ ተመልካች ጥያቄም አቤቱታም ይዞ ነው የመጣው። ሳይንስ ፊክሽንና የኮንሰርት ቅጂ የሚያዘወትር ሰው የዕቃውን ጉድ ከማንም ቀድሞ ያያል ባይ ነው። የፍቅር ፊልም በማንኛውም ቲቪ ይታያል፤ በጥቁር ሰማይ ላይ የተበተነ ኮከብና በጭስ መሃል የሚሽከረከር የመድረክ መብራት ግን ደካማ ፋይልንም ደካማ ቲቪንም እዚያው ያጋልጣሉ። ቅሬታው ሦስት ነው። የጠፈር ፊልሞች ንግግራቸው አይሰማም፣ ሙዚቃው ይውጠዋል። ሥዕሉ ከልክ በላይ ይለሰልስና ውድ ፊልም የስቱዲዮ ድራማ ይመስላል። የኮንሰርት ቅጂ ደግሞ ካሜራው በየሁለት ሰከንዱ ስለሚቀያየር የተጫዋቹን እጅ ማየት አይቻልም። ዕቃው 50 ኢንች ቲቪ፣ ሁለት ስፒከር፣ ላፕቶፕና ፍላሽ ነው። ለሁለቱም የሚሆን አንድ ሴቲንግ ካለ ንገሩኝ ብሎ ዘጋ።

እስካሁን 36 መልስ ተሰጥቷል። ፍሬ ያለው ላይ እየቆየሁ፣ ጭቅጭቁን እየዘለልኩ ላስከትል።

1ኛው መልስ ከሰላምታ በኋላ በቀጥታ ወደ ሥዕሉ ገባ። ፊልም የሚቀረጸው በሰከንድ 24 ፍሬም ነው፤ ቲቪው በሁለት ፍሬም መካከል ያልነበረ ፍሬም ከራሱ ፈጥሮ ሲያስገባ ነው ያ ልስላሴ የሚመጣው። ስሙ በየብራንዱ ይለያያል፦ በቆዩ ሳምሰንጎች ላይ አውቶ ሞሽን ፕላስ፣ ኤልጂ ላይ ትሩሞሽን፣ ሶኒ ላይ ሞሽንፍሎው። የሥዕል ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ ማጥፋት ነው። ከእ.ኤ.አ. 2020 ወዲህ በወጡ አንዳንድ ቲቪዎች ደግሞ ፊልምሜከር ሞድ የሚባል ምርጫ አለ፤ እሱን መምረጥ ሌላውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያጠፋል። አንድ ወጥመድ ግን አለ ብሏል፦ ብዙ ቲቪ ሴቲንጉን የሚያስታውሰው በየመግቢያው ነው። ላፕቶፑ የተሰካበት ኤችዲኤምአይ ላይ የጠፋው ነገር ፍላሹ የተሰካበት ዩኤስቢ ላይ በርቶ ሊቆይ ይችላል። ሁለቱንም ማየት ያስፈልጋል።

2ኛው ተስማምቶ አንድ ነገር ጨመረ። ልስላሴውን ያጠፋ ሰው ሌላ ችግር ይገጥመዋል፤ መንኮራኩሯ በዝግታ ስታልፍ ሥዕሉ እየቆረጠ ይሄዳል። ምክንያቱ 24 ለ60 እኩል አለመካፈሉ ነው፤ አንዱ ፍሬም ሦስት ጊዜ፣ ቀጣዩ ሁለት ጊዜ ይታያል። መፍትሔው የላፕቶፑን የማሳያ ሴቲንግ ከፍቶ ቲቪው የሚቀበል ከሆነ 24 ኸርዝ ላይ ማድረግ ነው። 120 ኸርዝ ቲቪ ያለው አይቸገርም፤ እያንዳንዱ ፍሬም እኩል አምስት ጊዜ ይደርሰዋል።

3ኛው ላይ ድምፁ ትንሽ ጠንከር አለ። ሁለቱም ስለ ፊልም ብቻ አውርተው የኮንሰርቱን ግማሽ ረስተውታል፣ ጥያቄው ግን ስለ ሁለቱም ነበር አለ። ለቴሌቪዥን የተቀረጸ ኮንሰርት 24 አይደለም። በአውሮፓ በሰከንድ 50 ግማሽ ሥዕል፣ በአሜሪካ 60 ግማሽ ሥዕል ነው፤ አንዱ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን መስመሮች (1፣ 3፣ 5)፣ ሌላው ተጋማሽ ቁጥር ያላቸውን (2፣ 4፣ 6) ይይዛል። ያንን ወደ 25 ሙሉ ፍሬም የጨመቀ ፋይል ግማሹን እንቅስቃሴ ጥሏል፤ የድራመሩ ዱላ ከላይ ወደ ታች ይዘላል እንጂ ሲወርድ አይታይም። ዝም ብሎ የተተወ ፋይል ደግሞ እጅ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጠርዙ ማበጠሪያ ይሆናል። ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ላይ ቪዲዮ ከሚለው ውስጥ ዲኢንተርሌስን፣ ግማሽ ሥዕሎቹን ሙሉ የሚያደርገውን፣ ማብራትና ዘዴውን ያዲፍ 2ኤክስ ማድረግ ነው፤ ተራው ያዲፍ 25 ብቻ ነው የሚሰጠው፣ ባለ 2ኤክሱ ሃምሳውንም ይመልሳል።

4ኛው፣ የመጀመሪያው መላሽ ራሱ ነው፣ እርማቱን በትሕትና ተቀብሎ ፋይሉ የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል ሲል ጠየቀ። 5ኛው መለሰለት፦ ቪኤልሲ ላይ ኮንትሮልና ጄ ሲነካ የፋይሉ ዝርዝር ይወጣል። 23.976 ወይም 24 ካለ ፊልም ነው። ቁመቱ 576 ሆኖ 25 ካለ የአውሮፓ ቴሌቪዥን ቅጂ ነው፤ ኮንሰርት ከሆነ ደግሞ ግማሽ ሥዕል መሆኑ አይቀርም፣ ዲኢንተርሌስ ይብራ።

6ኛው ምሳሌ አመጣ፣ ደህና ምሳሌም ነው። ላይቭ ኤይድ፣ ለአገራችን ረኀብ ገንዘብ የተሰበሰበበት፣ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላዴልፊያ በአንድ ቀን ተካሄደ። የዌምብሌው በ625 መስመርና በ50 ግማሽ ሥዕል፣ የፊላዴልፊያው በ525 መስመርና በ60 ነው የተቀረጸው። አንዱን ወደ ሌላው ሲቀይሩት ሁለት ጊዜ ላይ ያሉ ሥዕሎች ይደራረባሉ፣ ዘፋኙ ጥላው አብሮት የሚሮጥ ይመስላል። ይህ ፋይሉ ውስጥ የታተመ ነው፤ ምንም ዓይነት ቲቪ አያጸዳውም። ክፍሉን በተቀረጸበት ፍጥነት የያዘ ቅጂ መፈለግ ብቻ ነው መላው።

ከዚህ በኋላ 7ኛው ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ ለቦብ ማርሌይ 60ኛ ልደት የተካሄደውን ኮንሰርት አነሣ፤ 8ኛው ስለ ሻሸመኔ ቀጠለ፤ 9ኛው ሁለቱንም ወደ ክሩ ተመለሱ አላቸው። ልክ ነበር።

10ኛው የክሩ ረጅሙ መልስ ነው፤ የጻፈው ሰው ድምፅ ላይ የሚሠራ መሆኑ ያስታውቃል። ንግግር የማይሰማው ጆሮ ደክሞ ወይም ስፒከር አንሶ አይደለም አለ። የዛሬ ፊልም ድምፁ ስድስት ቻናል ነው፤ ንግግሩ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚመጣው ከመሃሉ ነው። ሁለት ስፒከር ብቻ ሲኖር የመሃሉ በ3 ዴሲቤል ተቀንሶ ለግራና ለቀኝ ይታደላል፤ በዚያው ላይ የኋላዎቹ ድምፆች ይጫኑበታል፤ ድምሩ እንዳይሰነጠቅ ደግሞ ሁሉም በአንድነት ዝቅ ይላል። ስለዚህ ሰው ድምፁን ለንግግሩ ሲል ይጨምራል፣ ሮኬቱ ሲነሣ ጎረቤት በር ያንኳኳል። ቅደም ተከተሉን እንዲህ አስቀመጠው። መጀመሪያ የቲቪውን የድምፅ መውጫ ቢትስትሪም ከሚለው ወደ ፒሲኤም መቀየር፤ ባለ ሁለት ስፒከር አምፕሊፋየር ስድስቱን ቻናል መፍታት አይችልም። ቀጥሎ ኮዲ የሚባለውን ማጫወቻ የሚጠቀም ሰው የመሃሉን ቻናል ከፍ የሚያደርገውን ምርጫ በ3 ዴሲቤል ጀምሮ እስከ 6 ማድረስ፤ ከዚያ ካለፈ ሙዚቃው ቀፎ ይሆናል። ቪኤልሲ የሚጠቀም ኮምፕሬሰሩን፣ የጮኸውን ድምፅ የሚገታውን፣ አብርቶ መነሻውን ከዜሮ በታች 20 ዴሲቤል፣ ምጣኔውን 4 ለ1፣ መልሶ መጨመሪያውን 6 ወይም 7 ላይ ማድረግ። ከሁሉም በፊት ግን ስፒከሩ ከመሬት ተነሥቶ በጆሮ ቁመት ይቀመጥ፤ ሴራሚክ ወለልና ባዶ ግድግዳ ያለው ሳሎን ንግግርን ያስተጋባል፣ አንድ ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ከማንኛውም ሴቲንግ ይበልጣል ብሏል። የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ያልፋታል፤ እኔ ግን ከላይ ባደርጋት ደስ ይለኝ ነበር።

11ኛው አልተዋጠለትም። ጥፋቱ ሁልጊዜ የተመልካቹ ዕቃ አይደለም አለ። ኢንተርስቴላርን፣ የእ.ኤ.አ. 2014ቱን፣ አነሣ፦ ለንደን ቴምፕል ቸርች ውስጥ የተቀረጸው ኦርጋን ንግግሩን የሚሸፍነው በሲኒማ ቤትም ነበር፤ ዳይሬክተሩም ሆን ብሎ ያደረገው መሆኑን በወቅቱ በይፋ ተናግሯል። እዚያ ላይ የመሃል ቻናል መጨመር የሚመልሰው የተወሰነውን ነው፤ ሰብታይትል ማብራት ይሻላል። 12ኛው ደግሞ ተሳለቀ፦ ጋሼ እያለ 10ኛውን ጠርቶ፣ ፊልም ለማየት የድምፅ መሐንዲስ መሆን ካለብን ሬዲዮ ብንሰማ ይቀለናል የሚል ዓይነት ነው። 10ኛው አልመለሰለትም፤ ጥሩ አደረገ።

ይልቅ 13ኛው ለሁለቱም ጌታ አንድ ሴቲንግ የማይሆንበትን ምክንያት በትክክል ነገረ። ያ ኮምፕሬሰር በርቶ ኮንሰርት ቢከፈት ባስ ድራሙ በተመታ ቁጥር ዘፋኙ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ወዲያው ይመለሳል፤ ሙዚቃው ደረቱን እየነፋ እንደሚያስተነፍስ ሰው ይሆናል። ለኮንሰርት ኮምፕሬሰርም የማታ ሞድም ይጥፉ። ከዚያ በላይ፦ ብዙ የኮንሰርት ዲስኮች ከስድስት ቻናሉ ጎን ለሁለት ስፒከር ተብሎ የተቀናበረ የስቴሪዮ ትራክ አላቸው። ቪኤልሲ ላይ ቢ የሚለውን ቁልፍ በመንካት ትራኩን መቀየር ይቻላል። ባለሙያ ለሁለት ስፒከር ያቀናበረውን ትቶ ስድስቱን በማሽን ማስጠቅለል ኪሳራ ነው።

14ኛው በአጭሩ፦ በብሉቱዝ ስፒከር ኮንሰርት የሚያይ ሰው ዱላው ከበሮውን ነክቶ ድምፁ ዘግይቶ ይመጣበታል፤ ቪኤልሲ ላይ ጄና ኬ ቁልፎች በ50 ሚሊሰከንድ ያስተካክላሉ፣ ሽቦ ግን ይሻላል። 15ኛው ላፕቶፕ ከአምፕሊፋየር ጋር ሲያያዝ ስለሚመጣው እምምታ ነው። ቻርጀሩ ሲነቀል ከጠፋ ችግሩ የምድር መስመሩ ነው፤ ሁለቱንም ዕቃ አንድ ዲቫይደር ላይ መሰካት አብዛኛውን ጊዜ ያስወግደዋል፣ ካልሆነ በድምፅ ሽቦው መካከል የሚገባ መለያ ትራንስፎርመር አለ። የምድሯን እግር ቆርጦ መጣል የሚመክሩ ሰዎችን ግን አትስሟቸው አለ፤ እምምታው የሚጠፋው ከኮረንቲ የሚያድነው ነገር አብሮ ጠፍቶ ነው።

16ኛው ጠያቂ ነው፤ ፍላሹ ቲቪው ላይ ሥዕል ያሳያል ድምፅ ግን የለም። 17ኛው ሁለት ነገር በአንድ ላይ መለሰ። ድምፁ ዲቲኤስ በሚባለው ዓይነት የተጨመቀ ነው፤ ሳምሰንግ ከእ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮ በወጡ ቲቪዎቹ ይህን መፍታት ትቷል፣ ኤልጂም ለጥቂት ዓመታት ትቶት ነበር። ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሥዕሉን እንዳለ ቀድቶ ድምፁን ብቻ ወደ ኤሲ3፣ በ640 ኪሎቢት፣ መቀየር ይቻላል፤ ሥዕሉ ስለማይነካ ደቂቃዎች ብቻ ይፈጃል። ሁለተኛው፦ ፍላሹ ፋት32 ተብሎ ፎርማት የተደረገ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፣ ቦታ ሞልቶ ቢተርፍም። ኤክስፋት አድርጎ ፎርማት ማድረግ ነው፤ የቆየ ቲቪ ኤክስፋትን ላያነብ ስለሚችል ኤንቲኤፍኤስን መሞከር። ይህ ለምን እዚህ ክር ላይ አስፈለገ ለሚለውም ስሌት አቀረበ። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚሆን ፊልም በሰከንድ 10 ሜጋቢት ሲሆን 11 ጊጋባይት ይደርሳል። ሱቅ ውስጥ አንድ ጊጋ ተደርጎ የሚጫነው ያው ፊልም በሰከንድ 1 ሜጋቢት አይሞላም። ሁለት ሰዎች ተቀምጠው የሚያወሩበት ትዕይንት በዚያ ያልፋል፤ ጭስ፣ ብልጭታና የሚወረወር ቁርጥራጭ ወረቀት ያለበት መድረክ ግን እያንዳንዷ ነጥብ በየፍሬሙ ስለምትቀየር ሥዕሉ ሳጥን ሳጥን ይሆናል። የጠፈሩ ጥቁር ደግሞ በ8 ቢት ሲጨመቅ በ256 ደረጃ ብቻ ስለሚገለጽ እንደ ቀለበት እርከን ይሠራል። ይህን ያየ ሰው ቲቪዬ ተበላሸ ይላል።

18ኛው እዚህ ላይ ገባና አየሩን ቀየረው። ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ሌብነት ነው አለ፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብትን ያስከብራል፣ ሱቅ ሄዶ ማስጫን ሕገ ወጥ ነው። 19ኛው ከየት እንግዛው፣ ዓለም አቀፍ ካርድ የሌለው ሰው የት ይክፈል ብሎ ተቆጣ። 20ኛው ሁለቱንም አንተ አንተ ተባብላችሁ ልትደባደቡ ነው ብሎ አበረዳቸው። የአዋጁ ነገር ትክክል ነው፤ የክፍያውም ችግር እውነት ነው። ክሩ ግን ሁለቱንም ሊፈታ አልነበረም የተከፈተው።

21ኛው ወደ ፊልም መለሰን። ፍላሹ ተበላሽቷል ተብሎ ወደ ሱቅ የሚመለስ አንድ ፊልም አለ አለ፣ የ1968ቱ «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ»። ሲጀምር ለሦስት ደቂቃ ያህል ሥዕል የለም፤ ጥቁር ላይ ሙዚቃ ብቻ ነው። ሆን ተብሎ የተሠራ መግቢያ ነው፣ ሰው ሲኒማ ቤት ገብቶ እስኪቀመጥ። ከዚያም የመጀመሪያው ንግግር እስኪመጣ ሃያ አምስት ደቂቃ ገደማ ያልፋል። ጠፈር ውስጥም የፍንዳታ ድምፅ የለም፤ የሚሰማው የራስ ቁሩ ውስጥ ያለው እስትንፋስ ነው፣ አየር በሌለበት ድምፅ ስለማይሄድ። ንግግር አልሰማ አለ ብሎ ድምፅ የጨመረ ሰው ሙዚቃው ሲመለስ ይደነግጣል። መካከል ላይ ደግሞ እረፍት አለ። ፋይሉ ምንም አልሆነም።

22ኛው ብሌድ ራነርን ጠቅሶ የትኛውን ቅጂ እንመልከት ብሎ ጠየቀና ራሱ መለሰ፦ የ1982ቱ የሲኒማ ቅጂ ላይ ዋናው ተዋናይ ከጀርባ ይተርካል፤ የ2007ቱ ፋይናል ከት ያንን ትረካ አውጥቶ ዳይሬክተሩ ሙሉ በሙሉ የተቆጣጠረው ነው። ትረካው ያለበትን የሚወዱ አሉ፤ የትረካው ቀልድ ግን ፊልሙን ከሞላው ዝናብ ጋር አይሄድም ብሎ ፈረደ። በፍርዱ እስማማለሁ። 23ኛው ኢትዮጵያ ሳይንስ ፊክሽን የላትም ለሚሉ ክራምስን አስታወሰ፦ እ.ኤ.አ. 2015፣ 68 ደቂቃ፣ በአማርኛ፣ ዳንኤል ታደሰ የተወነበት፣ ዳሎልን እንደ ሌላ ፕላኔት ያሳየ። ዳይሬክተሩ ስፔናዊ ስለሆነ የማን ይባላል የሚል ጥያቄ ራሱ አንሥቶ ራሱ ተወው።

24ኛው ብቻውን ክር ይወጣዋል፤ ስለ አማርኛ ሰብታይትል ነው። ፊደሉ ሲበላሽ ሦስት ዓይነት መልክ አለው፣ ሦስቱም የተለያየ በሽታ ናቸው አለ። ጥያቄ ምልክት ብቻ ከሆነ ፋይሉ ሲቀመጥ የግዕዝ ፊደል በማያውቀው አንሲ በሚባለው ኮድ ነው የተቀመጠው፤ ፊደሉ ጠፍቷል፣ አይመለስም፣ እንደገና ማውረድ ወይም መተርጎም ነው። የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ከሆነ ፋይሉ ደህና ነው፣ የሚያነበው ፕሮግራም ተሳስቷል፤ ቪኤልሲ የሰብታይትል ሴቲንግ ውስጥ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8 ማድረግ ይበቃል። ባዶ ሳጥን ከሆነ የግዕዝ ፊደል ፎንት የለም፤ ኮምፒውተር ላይ ኒያላን ወይም አቢሲኒካን መምረጥ፣ ቲቪ ላይ ግን ፎንት መጨመር ስለማይቻል ሃንድብሬክ በሚባለው ፕሮግራም ጽሑፉን ሥዕሉ ላይ ማቃጠል። ይህ ሥዕሉን እንደገና ስለሚጨምቅ ሰዓታት ይወስዳል፣ ጥራትም በጥቂቱ ይቀንሳል። መቅደምና መዘግየትንም በሁለት ከፈለው፦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል የሚዘገይ ከሆነ ጂና ኤች ቁልፎች ያስተካክላሉ። መጀመሪያ ላይ ልክ ሆኖ እየቆየ የሚርቅ ከሆነ ጽሑፉ ለ23.976፣ ፊልሙ ለ25 የተሠራ ነው፤ አንድ ሰዓት ሲሞላ ልዩነቱ ወደ 2 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ ይደርሳል። በሰብታይትል ኤዲት ፍሬም ሬቱን መቀየር እንጂ በቁልፍ ማሳደድ ከንቱ ነው።

25ኛው ያንኑ 25 ከሙዚቃ ጎን አየው። በ24 የተቀረጸ የኮንሰርት ፊልም ለአውሮፓ ዲቪዲ ሲወጣ በ25 ነው የሚሮጠው፤ 120 ደቂቃው 115 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ይሆናል፣ ድምፁም ካልታረመ ሰባት አሥረኛ ሰሚቶን (የግማሽ ቶን እርከን) ገደማ ይወጣል። ክራር ወይም ጊታር ይዞ አብሮ ለመጫወት የሚሞክር ሰው በቲዩነር የቃኘው መሣሪያ አልገጥም ይለዋል። ፍጥነቱን 0.96 ላይ ማድረግ ነው፤ ነገር ግን ቪኤልሲ ፍጥነት ሲቀየር ድምፁን በቦታው የሚያቆይ ታይም ስትሬቺንግ የሚባል ምርጫ አለው፤ እሱ በድምፅ ሴቲንጉ ውስጥ ካልጠፋ ዘፈኑ ይዘገያል እንጂ ቅኝቱ አይወርድም።

የሦስተኛውን ቅሬታ፣ የካሜራ መቀያየሩን፣ የነካው 26ኛው ብቻ ነው። ሴቲንግ የማይፈታው ጉዳይ ነው፤ ቅጂ መምረጥ ነው። ስቶፕ ሜኪንግ ሴንስን፣ የቶኪንግ ሄድስ ባንድን የኮንሰርት ፊልም፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1983 በሆሊውድ ፓንቴጅስ ቴአትር የተቀረጸውን፣ በምሳሌነት አነሣ፦ ካሜራው አንድ ተጫዋች ላይ ይቆያል፣ ተመልካቹ እስከ መጨረሻው አካባቢ አይታይም ማለት ይቻላል፤ ማን ምን እየመታ እንደሆነ ይታወቃል።

27ኛው ጥያቄውን ገልብጦ ጠየቀ፦ እዚሁ ከተማ የሚካሄድ ኮንሰርት እንዴት ይቀረጽ? 28ኛው የመለሰው ለማንም ቀራጭ የሚጠቅም ነው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ስልኩን በ25 ፍሬምና በ50ኛ ሰከንድ ሸተር ማድረግ፤ በ30 ከተተወ ሥዕሉ ላይ ጥላ መስመር ይንሸራተታል። ኤልኢዲ የመድረክ መብራት የራሱ ብልጭታ ስላለው አስቀድሞ መሞከር። ብርሃኑንና ፎከሱን መቆለፍ፣ አለዚያ መብራቱ በበራ በጠፋ ቁጥር ስልኩ ይዋልላል። ድምፁን ከሚክሰሩ መቅረጫ መውጫ መውሰድ፣ ግን ማይክ መግቢያ ላይ በቀጥታ አለመሰካት፤ የሚክሰሩ ምልክት ለማይክ መግቢያ እጅግ ትልቅ ስለሆነ ይሰነጠቃል፣ ላይን መግቢያ ያለው መቅረጫ ያስፈልጋል። ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል ላይ ይቁም። ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ነው፦ በትንሽ አዳራሽ ድራሙና የባሱ አምፕ ከመድረኩ በቀጥታ ስለሚሰሙ ሚክሰሩ ውስጥ እምብዛም የሉም። ከሚክሰሩ ብቻ የተወሰደ ቅጂ ዘፋኝና ኪቦርድ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ሁለተኛ መቅረጫ ሰው መካከል ይቀመጥና ሁለቱ ይደባለቁ። ከስፒከሩ 20 ሜትር የራቀው መቅረጫ በ58 ሚሊሰከንድ ያህል ይዘገያል፣ ይኸውም በ25 ከአንድ ፍሬም ተኩል ጥቂት ያነሰ፤ ያንን ያህል እንዲቀድም መሳብ ነው።

29ኛው ፕሮጀክተር ሐይቁ ዳር ስለመትከል ጠየቀ፤ በየአርባ ደቂቃው እየጠፋ አስቸግሯል። 30ኛው ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት ብሎ ጀመረ። አየሩ ሲሳሳ ሙቀት ይዞ የሚሄደው ያንሳል፤ ብዙ አምራቾች ከ1,500 ሜትር በላይ ሃይ አልቲቲዩድ ሞድ እንዲበራ በመመሪያቸው ያዝዛሉ። ሲበራ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ግን ማሽኑ አይጠፋም። አብዛኛው ሰው አምፖል ይቀይራል፣ አቧራ ማጣሪያውንም አያይም። አምፖል ያለው ፕሮጀክተር መብራት ሲጠፋ ማራገቢያው ቆሞ አምፖሉ በራሱ ሙቀት ስለሚጎዳ፣ ለአምስት ደቂቃ የሚሆን ዩፒኤስ ይያዝ፤ ኤልኢዲና ሌዘር ይህ ጣጣ የላቸውም። ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት ውጭ ላይ መክፈት ብርሃን ማባከን ነው፤ ቢንቢው ጨረሩ ውስጥ እንዳይሰበሰብ ራቅ ብሎ አንድ ነጭ አምፖል ይሰቀል።

31ኛው ቲቪ ያለ ስታብላይዘር እንዳይከፈት አስጠነቀቀ፤ 32ኛው በከፊል ብቻ ተስማማ። የቲቪው ጀርባ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተጻፈ መውረዱ አይጎዳውም፤ የሚጎዳው መብራት ተመልሶ ሲመጣ የሚመጣው ግፊት ነው። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን መንቀል፣ ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ቆይቶ መሰካት። ትራንስፎርመር ያለው አምፕሊፋየር ግን ሲወርድበት ይዳከማል፣ ስታብላይዘሩ ለእሱ ይሁን። በዚያው አያይዞ፣ ጥቁሩ ሰማይ ግራጫ የሆነበት ወይም ኮከቡ የጠፋበት ሰው የላፕቶፑ የቀለም ክልል ከቲቪው ጋር መስማማቱን ይይ አለ፦ አንዱ ከ0 እስከ 255፣ ሌላው ከ16 እስከ 235 ከሆነ ወይ ይነጣል ወይ ይጨልማል።

33ኛው ከጠያቂው ራሱ ነው። ሁለት የተለያየ ሴቲንግ መያዙን ተቀብሎ፣ ስለ ፕሮጀክተሩ ሲያነብ ሐሳቡ ወደዚያ ሄዷል፤ ለ100 ኢንች ምን ያህል አቡጀዲ ይበቃል አለ። 34ኛው መለኪያውን ሰጠው፦ 221 በ125 ሴንቲሜትር፣ ብርሃን እንዳያሳልፍ ከኋላው ጥቁር ጨርቅ። የጨርቁ ወርድ ካልበቃና መቀጠል ካስፈለገ ስፌቱ ከላይኛው 16 ሴንቲ ውስጥ ይዋል፤ ሰፊው ፊልም እዚያ ላይ ጥቁር መስመር ስለሚኖረው ስፌቱ አይታይም፣ ታች ላይ ግን ሰብታይትሉ ይወድቅበታል።

35ኛው፣ ያው 12ኛው ተሳላቂ ነው፣ ኮንሰርቱ ስክሪኑን ሙሉ ስለሚይዝ ስፌቱ የዘፋኙ ግንባር ላይ ነው የሚያርፈው ብሎ ጻፈ። በ36ኛው መልስ ያው 34ኛው ለኮንሰርት ሥዕሉን አሳንሰህ ከስፌቱ በታች አውርደው ብሎ መለሰለት፣ ያውም ቁጥሩን ሠርቶ፦ 109 ሴንቲ ቁመት፣ 194 ሴንቲ ወርድ።